ሦስት ቲ480፣ የሚሽከረከር ዲስክና ሊኑክስ፦ ከጅማ የተነሳ ጥያቄና 25 መልሶቹ

ጥያቄው የመጣው ከጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ካለ አንድ ቢሮ ነው። ጥያቄውን የከፈተው ሰው፣ ከዚህ በኋላ ከፋቹ የምለው፣ ሦስት ያገለገሉ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 አሉት፤ ሦስቱም ኮር አይ5 ስምንተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክና ዊንዶውስ 10 አላቸው። ጠዋት ሲከፈቱ ዴስክቶፑ ከመጣ በኋላም ዲስኩ መቶ በመቶ እንደተያዘ ይቆያል፤ አንድ የኤክሴል ፋይል ተነክቶ እስኪከፈት ብዙ ያስጠብቃል። የጠየቀው ሦስት ነገር ነው። በሃርድ ዲስኩ ፋንታ የማይሽከረከር ዲስክ (ኤስኤስዲ) ሲገዛ፣ የተለመደው 2.5 ኢንች ሳታ ይበቃል ወይስ ፈጣኑ ዓይነት ኤንቪኤምኢ ይገዛ? ሊኑክስ ቢጫን የቢሮው ሥራ ይሄዳል ወይ? በዲስኮቹ ላይ ያለው ፋይልስ ሳይጠፋ እንዴት ይሻገራል? ሞዴሉን፣ ራሙንና የዲስኩን ዓይነት ጽፎ መጠየቁ መልሶቹን ጥሩ አድርጎለታል፤ ላፕቶፔ ቀርፋፋ ነው ተብሎ ብቻ የሚጣል ጥያቄ የሚያገኘው ግምት ነው።

ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ተከታታይ መልሶቹን፣ ከላይ እስከ ታች ያሰፈርኩት፣ ይህንኑ ማሽን ይዞ ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ስለሆነና መልሶቹ ውስጥ እርስ በርስ የሚጣሉ ስላሉ ነው። የቱ ልክ እንደነበር ሳይለይ የቀረበት ቦታ ላይ የራሴን አስተያየት ጨምሬያለሁ።

መልስ 1 በትሕትና ጀምሮ ጥፋቱን በቀጥታ ዲስኩ ላይ ጣለ። የሚሽከረከር ዲስክ መረጃ የሚያነሳው ክንዱን ከቦታ ቦታ እያንቀሳቀሰ ስለሆነ፣ በሰከንድ የሚያስተናግደው የተበታተነ ንባብ ከመቶ ብዙም አያልፍም፤ ተራ ሳታ ኤስኤስዲ ግን በአስር ሺዎች ያስተናግዳል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚፈልገው ደግሞ አንድ ትልቅ ፋይል ሳይሆን እዚህም እዚያም የተበተኑ ሺህ ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው። ፕሮሰሰሩ ምንም አልሆነም፤ ማሽኑን ለመሸጥ ከማሰብ በፊት ዲስኩ ይቀየር ነው ምክሩ።

መልስ 2 በዚህ ተስማምቶ ራሙን አከለበት። ቲ480 ሁለት የራም ማስገቢያ ስላለው፣ 8 ጊጋው በአንድ ቁራጭ ከሆነ ሌላው ባዶ ነው። እዚያ ሌላ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ቢገባ 16 ይሆናል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ የስክሪኑ ግራፊክስም ይሻሻላል። ከድሮ ላፕቶፕ የተነቀለ ዲዲአር3 ግን ክፍተቱ ሌላ ቦታ ስለሆነ አይገጥምም፤ ገፍቶ ለማስገባት መሞከር ማስገቢያውን መስበር ነው።

መልስ 3 ችኩል ነበር። ሳታ ያለፈበት ነገር ነው፣ ኤም.2 ገዝቶ መሰካት ነው ብሎ በሁለት መስመር አለፈ። መልስ 4 እዚህ ላይ ያዘው፤ ያረመውም በወጉ ነው። ኤም.2 የቅርጽ ስም እንጂ የሥራው ስም አይደለም፤ በዚያ ቅርጽ የተሠራ ኤስኤስዲ ሳታም ኤንቪኤምኢም ሊሆን ይችላል። ለመለየት ካርዱን በእጅ ይዞ የወርቅማ ጥርሶቹን ጫፍ ማየት ነው። ጥርሶቹን የሚከፍለው ክፍተት በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው። በሁለቱም ወገን ክፍተት ካለ ግን ሳታ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ባለሁለት የመረጃ መስመር ኤንቪኤምኢ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ቅርጹ ስለማይናገር ላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። ጽሑፉ ከተፋቀ አለመግዛት ይሻላል።

ይኸው መላሽ ሌላም ነገር አስተዋወቀ። ቲ480 ባለ 80 ሚሊሜትሩ ኤም.2 በቀጥታ የሚሰካበት ቦታ ቦርዱ ላይ የለውም። የ2.5 ኢንቹ ዲስክ በሚተኛበት ቦታ መያዣ ያለው አዳፕተር ይገባና ኤስኤስዲው እሱ ላይ ይሰካል። ሃርድ ዲስክ ይዞ የመጣ ማሽን ይህ አዳፕተር ስለማይኖረው ለብቻው ይገዛል፤ ሲገዛም ኬብሉ አብሮ መኖሩ ይታይ።

መልስ 5 ቁጥር ይዞ መጣ። ያ ቦታ በኤንቪኤምኢ ሲሠራ የሚያገኘው አራት ሳይሆን ሁለት የፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ጣሪያው በሰከንድ ከ2000 ሜጋባይት በታች ነው። ካርቶኑ ላይ 3500 ወይም 7000 የተጻፈበትን ገዝቶ እዚህ ማሽን ውስጥ መክተት ለማይገኝ ፍጥነት መክፈል ነው። ሳታ ኤስኤስዲ ደግሞ 550 አካባቢ ይቆማል። በቁጥር ሲታይ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው፤ ዎርድና ብሮውዘር ከፍቶ ለሚውል ሰው ግን ከሃርድ ዲስኩ መላቀቁ ይሰማል እንጂ በሁለቱ ኤስኤስዲዎች መካከል ያለው እምብዛም አይሰማም። ለሲም ካርድ ሞደም የተተወችው ትንሿ ማስገቢያ ላይም ኤስኤስዲ መሰካት እንደሚቻል አስታወሰ፤ የሚገባው ግን 42 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው፣ 2242 የሚባለው፣ ሁለት ክፍተት ያለው ኤንቪኤምኢ ብቻ ነው።

ከፋቹ በመልስ 6 አመስግኖ አንዱን ለይታችሁ ንገሩኝ አለ። መልስ 7 ለይቶ ነገረው፦ 2.5 ኢንች ሳታ፣ 480 ወይም 500 ጊጋባይት፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር። አዳፕተር አይጠይቅም፣ የነበረው መያዣና ኬብል ይበቃዋል፤ ማሽኑ አንድ ቀን ቢሞት ኤስኤስዲው ተነቅሎ ሳታ ባለው በማንኛውም ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ይነበባል። እኔም ከዚህ ጋር ነኝ። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ፣ ለአንዲት ኬብል 350 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ድረስ መላክ የማያስፈልገው ክፍል ዋጋው ከፍጥነቱ በላይ ነው።

ይኸው 7ኛው ስለ ሐሰተኛ ዕቃ የሰጠውን ማስጠንቀቂያ ማንም አልተቃወመም። 1 ወይም 2 ቴራባይት የሚል ተለጥፎበት በርካሽ የሚሸጥ ዲስክ ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ሊሆን ይችላል፤ ፋይል ሲቀዳ የተቀዳ ይመስላል፣ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይደርባል፣ ጥፋቱም የሚታወቀው ፋይሉ በተፈለገ ቀን ነው። ኤፍ3 የሚባለው ነጻ የሊኑክስ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ አፉ በሙከራ ፋይል ሞልቶ መልሶ ያነብባል፤ ያልተመለሰ ካለ በጊጋባይት ይነግራል። ያገለገለ ኤንቪኤምኢ ለሚገዛ ደግሞ ስማርትሲቲኤል የሚባለው ትእዛዝ የተሠራበትን ሰዓት፣ የተጻፈበትን መጠንና ከዕድሜው ስንት በመቶ እንደተበላ ያወጣል። ሁለቱም ብር ከመቆጠሩ በፊት ሻጩ ፊት የሚደረጉ ናቸው፤ ኤፍ3 ረጅም ጊዜ የሚወስድ ከሆነ መመለስ እንደሚቻል በቅድሚያ መነጋገር።

መልስ 8ን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ብሎን ከመነካቱ በፊት መደረግ ያለበትን መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው። በመጀመሪያ የድሮው ዲስክ ጤንነት ይታይ። ስማርትሲቲኤል ከሚያወጣቸው መስመሮች ውስጥ ሁለቱ ይበቃሉ፦ ቁጥር 5፣ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ክፍሎች፤ ቁጥር 197፣ ማንበብ ያቃታቸውና ውሳኔ የሚጠብቁ ክፍሎች። 197 ላይ ከዜሮ በላይ ከታየ ዲስኩ በመሞት ላይ ነው ብሎ መያዝ ነው። እንዲህ ያለውን ዲስክ በተራ መቅጃ መገልበጥ አደገኛ ነው፤ መቅጃው የታመመው ቦታ ላይ ደርሶ ደጋግሞ ሲሞክር የቀረውንም ይገድለዋል። ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የሚባለው መቅጃ ፕሮግራም ግን መጀመሪያ ጤነኛውን ሁሉ ያነሳል፤ የታመመውን ለመጨረሻ ያቆየዋል፤ የደረሰበትንም በማስታወሻ ፋይል ስለሚይዝ መብራት ጠፍቶ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል።

ቀጥሎ ያነሳው ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ጉድጓድ ነው። 500 ጊጋ ዲስክን ወደ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ በቀጥታ መገልበጥ አይቻልም፤ ውስጡ ያለው ፋይል 90 ጊጋ ብቻ ቢሆንም እንኳ። መቅጃው የሚያየው የክፍልፋዩን፣ ማለትም ዲስኩ የተከፈለበትን ክፍል፣ ስፋት እንጂ የፋይሉን ብዛት አይደለም። 500 የተባለው 500,107,862,016 ባይት ሲሆን 480 የተባለው 480,103,981,056 ነው፤ 20 ጊጋባይት ያህል ይጎድላል። መፍትሔው ዲስክ ገልባጩን ፕሮግራም ክሎንዚላን ከማስነሳት በፊት እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ በዲስክ ማኔጅመንት ትልቁን ክፍልፋይ ማሳነስ ነው። ከትልቁ በኋላ የተቀመጠ የመጠገኛ ክፍልፋይ ካለ እሱም ወደ ፊት መምጣት አለበት፤ አለበለዚያ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ገልባጩን ይከለክላል።

መልስ 9 እዚህ ላይ ተከራከረ፤ ድምፁም ትንሽ ከረረ። አራት ዓመት የተጠራቀመ ቆሻሻ ያለበትን ዊንዶውስ ገልብጦ አዲስ ዲስክ ላይ መጫን ምን ይጠቅማል? ፋይሉን ወደ ውጭ ዲስክ ቀድቶ ሁሉንም እንደ አዲስ መጫን ነው የሚሻለው። አክሎም፣ ዲስኩ የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ በሆነው በቢትሎከር ተቆልፎ ሊሆን እንደሚችል፣ ሰው ሳያውቀውም ሊበራ እንደሚችል አስታወሰ። ባዮስ በሚባለው የማሽኑ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ፣ ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት ከተነካ ዊንዶውስ በሚቀጥለው መነሳት 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ አስቀድሞ ካልተቀዳ ፋይሉ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። ሁለቱም ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ለሊኑክስ ማሽን መገልበጥ ትርጉም የለውም፣ ዊንዶውሱን ለሚያስቀጥል ግን የ8ኛው መንገድ ቀናትን ይቆጥባል።

መልስ 10 መክፈቻውን ደረጃ በደረጃ አስቀመጠ። ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ከኋላ በጣት ተገፍቶ የሚወጣው፣ ሌላው ውስጥ የተቀበረው። የኋላውን ብቻ አውጥቶ መክፈት ቦርዱን ሳያጠፉ መንካት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ1 ተጫን፣ ባዮስ ውስጥ «ኮንፊግ» ቀጥሎ «ፓወር» ግባ፣ የውስጡን ባትሪ ማጥፊያ ምረጥ፤ ማሽኑ ራሱ ይዘጋል። ቻርጀሩ መልሶ እስኪሰካ ድረስ አይነሳም፣ አትደንግጥ። ከዚያ የኋላ ባትሪውን አውጣ፣ የኤስዲ ካርድ ካለም አውጣ። ከታች ስድስት ብሎኖች አሉ፤ ከሽፋኑ ጋር የታሰሩ ስለሆኑ ይላላሉ እንጂ አይወጡም። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፦ ብሎኑ አልወጣ ሲለው እልህ ተጋብቶ ካቻቪቴውን ጨምሮ ይጫንና ጭንቅላቱን ይፈጨዋል። ቀጥሎ ሽፋኑ በዙሪያው ባሉ ጥቃቅን መንጠቆዎች ተይዟል፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን ፕላስቲክ አስገብቶ ቀስ እያሉ ማስኬድ ነው፣ አንድ በአንድ ጠቅ ጠቅ እያሉ ይለቃሉ። ብረት ከገባ ጠርዙን ይልጠዋል። ሃርድ ዲስኩ ከነመያዣው ይነሳል፤ ኬብሉ ጠፍጣፋና ስስ ስለሆነ ከሽቦው ሳይሆን ከራሱ መሰኪያ ተይዞ ይነቀል። መልስ 11 አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ለመክፈቻ ያረጀ የኤቲኤም ካርድ ይበቃል።

ከመልስ 12 ጀምሮ ወሬው ወደ ሊኑክስ ዞረ። 12ኛው ሊኑክስ ሚንት 22ን መረጠ፤ በኡቡንቱ 24.04 ላይ የቆመ ስለሆነ እስከ 2029 ዝማኔ ይመጣለታል፣ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰውም ሜኑው እንግዳ አይሆንበትም። የሚወርደው ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት ቦታ በብሮውዘር ከማውረድ በቶረንት ማውረድ ይሻላል፤ ቢቋረጥ ይቀጥላል፣ የተበላሸውንም ቁራጭ ራሱ መልሶ ያወርዳል። ከወረደ በኋላ ፋይሉ አለመበላሸቱን የሚያሳየውን የሻ256 ድምሩን ከሚንት ገጽ ላይ ካለው ጋር ማነጻጸር አይቀርም፤ በተበላሸ ፋይል የተሠራ ፍላሽ መሐል መንገድ ላይ ይቆምና ጥፋቱ የኤስኤስዲው ይመስላል። ፍላሹ ቬንቶይ በሚባለው ፕሮግራም ቢሠራ ብዙ ሲስተም በአንድ ላይ ይይዛል፤ ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ቁልፍ መዝግብ የሚል ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ እሱ አንዴ ከተመዘገበ በቃ። ከፍላሽ ለማስነሳት በቲንክፓድ ኤፍ12 ነው።

መልስ 13 ሚንት ለጀማሪ ነው፣ ባለሙያ ዴቢያን ይጭናል አለ። መልስ 14 ከዚያ በላይ ጠንከር ብሎ፣ ጠያቂው ለቢሮ ሠራተኛ እንጂ ለባለሙያ እንዳልጠየቀ ነገረው። ዴቢያን 13 ላይ ምንም ክፉ ነገር የለም፤ ጽኑ ነው፣ ከዴቢያን 12 ጀምሮ የዋይፋይ ፈርምዌሩም (ዕቃው የሚሠራበት የውስጥ ፕሮግራም) አብሮት ስለሚመጣ የቲ480ው ኢንቴል ዋይፋይ ወዲያው ይሠራል። ጭቅጭቁ ሦስት ማሽን ላላት ቢሮ ዋጋ የለውም ብዬ አልፈዋለሁ፤ ከዚያ ይልቅ 14ኛው በመጨረሻው መስመር የጣላት ሐሳብ ትጠቅማለች። አፕት-ካቸር-ኤንጂ የሚባለውን የዝማኔ ማጠራቀሚያ ፕሮግራም አንዱ ማሽን ላይ ጭኖ ሌሎቹን በ3142 በር በኩል ወደ እሱ ማዞር፤ አንዱ ያወረደውን ዝማኔ ሌሎቹ ከቢሮው ውስጥ ይወስዳሉ፣ የሞባይል ዳታው አንዴ ብቻ ይከፈላል።

እስከዚህ ድረስ እርስ በርስ ቢከራከሩም፣ ሁሉም ጠያቂውን እርስዎም አሉት አንተ፣ ለእሱ አነጋገራቸው ለስላሳ ነበር። መልስ 15 ግን ያለ ሰላምታ ገባ። አስራ አራት ሰው ስለ ክፍተትና ስለ መስመር ሲያወራ፣ ቢሮው ምን ፕሮግራም እንደሚጠቀም አንድ ሰው አልጠየቀም አለ። ፒችትሪ ካለ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል፤ ፒችትሪ የዊንዶውስ የሂሳብ ፕሮግራም ነው፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ በሚያሠራው በዋይን ላይ አስሮ የቢሮ ሂሳብ ማስቀመጥ የዓመት ሥራ በገመድ ላይ ማስኬድ ነው። ቁጣው ቢበዛም ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ከፋቹ በመልስ 16 አመነ፤ ከሦስቱ አንዱ የሂሳብ ሠራተኛዋ ማሽን ነው፣ ፒችትሪ አለበት።

መልስ 17 ይህንን ሳይጮህ ፈታው። የሂሳብ ሠራተኛዋ ማሽን ዊንዶውስ ላይ ይቆይ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ 11 ይሻገር፤ ስምንተኛው ትውልድ ኢንቴል በ11 ከሚደገፉት ውስጥ ነው። ያንን ማሽን በ8ኛው መንገድ ገልብጡት፤ ከመገልበጡ በፊት ግን ፒችትሪ ራሱ በሚያወጣው ባክአፕ የድርጅቱ መዝገብ ለብቻው በፍላሽ ይቀመጥ። ሁለቱ ማሽኖች ወደ ሊኑክስ ይሂዱ። ሊኑክስ ላይ ሆኖ አልፎ አልፎ ፒችትሪ ማየት የሚፈልግ ካለ በሊኑክሱ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ዊንዶውስ ያስነሳ፤ ለዚህ 16 ጊጋ ራም ያስፈልገዋል፣ ባዮስ ውስጥም የኢንቴል ቨርቹዋላይዜሽን መብራት አለበት። ይህ መልስ ነው ለእኔ ክሩን የዘጋው፤ ሦስት ማሽን ስላለ ብቻ ሦስቱ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም።

መልስ 18 አማርኛውን አነሳ፣ ከልብም ጻፈበት። ሚንት ላይ አይባስ የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ከኤም17ኤን ጋር ሲጫን «አማርኛ ሴራ» የሚለው አጻጻፍ ይመጣል፤ እንደ ድምፁ በላቲን ፊደል ተነክቶ ፊደሉ ይወጣል። የአቢሲኒካ ኤስአይኤል ፎንት ከማከማቻው ይወርዳል። በዊንዶውሱ የኒያላ ፎንት የተጻፈ የዎርድ ፋይል በዎርድ ፋንታ በሚሠራበት ሊብረኦፊስ ላይ ሲከፈት ኒያላ ስለሌለ በሌላ ፎንት ይተካል፤ ጽሑፉ አይጠፋም፣ የገጹ አከፋፈል ግን ይዛነፋል፣ ለደብዳቤ ችግር ባይሆንም ለቅጽ ችግር ነው። ዋናው ጣጣ የድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ነው። በእሱ የተጻፈ ፋይል ውስጡ የዩኒኮድ ፊደል ሳይሆን የግዕዝ ፎንት የለበሰ የላቲን ምልክት ነው፤ ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ ያለው ቢሮ ዊንዶውሱ ሳይነሳ ወደ ፒዲኤፍ ማውጣት አለበት፤ ኋላ የሚታረመውንም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ። የኦሮምኛው ደብዳቤ ቁቤ በላቲን ስለሚጻፍ ምንም አይጠይቅም። ቢሮው በሁለቱም ቋንቋ የሚጽፍ ከሆነ ሁለቱን ኪቦርድ በአንድ ቁልፍ ማፈራረቅ ይቻላል።

መልስ 19 ከመስመር ወጣ፤ የሱ ላፕቶፕ ዴል ላቲቲዩድ ነው፣ የሊኑክስ መጫኛው ኤንቪኤምኢውን ጨርሶ አያየውም። መልስ 20 ባዮስ ውስጥ የሳታውን አሠራር ከ«ሬይድ ኦን» ወደ «ኤኤችሲአይ» ቀይረው ብሎ ሄደ። መልስ 21 ይህን እንዲህ ባዶውን መጻፍ ሰውን መበደል ነው አለ፣ አባባሉም መረር ያለ ነበር። ዲስኩ ላይ ዊንዶውስ ካለና ተጠቃሚው ሊያቆየው ከፈለገ፣ በአንድ ጊዜ ሲቀየር ዊንዶውስ የሚነሳበትን ዲስክ አጣሁ ብሎ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። በመጀመሪያ ዊንዶውሱን በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አዝዞ፣ ከዚያ ባዮስ ውስጥ ቀይሮ፣ በሴፍ ሞድ አንዴ ካስነሱት በኋላ ትእዛዙን ማንሳት ነው፤ በዚያች አንድ መነሳት ትክክለኛውን ድራይቨር ይይዛል። የ20ኛው መልስ ስህተት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበር፣ ጎደሎው ደግሞ ፋይል ያለበትን ሰው የሚያስደነግጥ ነው። እዚያው ላይ ሁለቱን ሲስተም በአንድ ማሽን ለሚያኖሩ፣ ዊንዶውስ ሲከፈት ሰዓቱ 3 ሰዓት እንደሚዛነፍ ጠቅሷል፤ ሊኑክስ የቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚይዝና እኛ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም ነው። ታይምዴትሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ ሊኑክሱ የአካባቢውን ሰዓት እንዲይዝ ማድረግ ይበቃል።

መልስ 22 እና 23 በመብራት ላይ ተከራከሩ። 22ኛው ቲኤልፒ የሚባለው የሊኑክስ ኃይል መቆጣጠሪያ ተጭኖ ባትሪው 80 በመቶ ላይ መሙላቱን እንዲያቆም ይደረግ አለ፤ ሁልጊዜ ሞልቶ የሚውል ሊቲየም ባትሪ ቶሎ ይደክማል። በቲ480 የውስጡ ባት0፣ የኋላው ባት1 ተብለው ስለሚታወቁ ለሁለቱም ለየብቻ ይጻፍ። 23ኛው ይህ ጀርመን ለሚኖር ሰው ነው አለ። ጅማ ላይ በክረምት መብረቅ ሲበረታ መብራቱ በቀን ደጋግሞ ይጠፋል፤ 20 በመቶውን ከሰጠህ በኋላ ያልተቀመጠውን ፋይል በምን ልታድን ነው? እኔ የማየው ሁለቱን ማዋሐድ ነው፦ የውስጡ 80 ላይ ይቁም፣ የኋላው ይሙላ። የኋላው ሲደክም በጣት ተገፍቶ ስለሚቀየር የሚደክመው እሱ ይሁን። ሁለቱም የተስማሙበት ግን አንድ አለ፤ ባትሪው የሞተበት ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ እንደ ዴስክቶፕ ድርግም ይላል፣ ኤክስት4 የሚባለው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት መዝገቡን ይጠብቃል እንጂ ገና ወደ ዲስክ ያልወረደውን ጽሑፍ አይመልስም። ሊብረኦፊስ በየ2 ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ ይደረግ።

መልስ 24 ዘግይቶ ቢመጣም ከሁሉ ቀድሞ መነበብ ነበረበት። ቲ480 የሚሞላው በዩኤስቢ ሲ ብቻ ነው። የዚህ ትውልድ ቲንክፓዶች ዩኤስቢ ሲ ወደቡን የሚያሠራው የተንደርቦልት መቆጣጠሪያ የመጀመሪያው ፈርምዌር ችግር ስላለበት በጊዜ ብዛት ወደቡን ሊያበላሸው ይችላል፤ ሌኖቮ ራሱ ማስተካከያ አውጥቶበታል፣ አስቸኳይ ብሎም ፈርጆታል። ወደቡ መጀመሪያ ስክሪን ማውጣት ወይም መረጃ ማሳለፍ ያቆማል፣ መሙላትም ሊያቅተው ይችላል፤ ሰው ግን ቻርጀሩ ተበላሸ ብሎ ሌላ ቻርጀር ይገዛል። ሊኑክስ ላይ ሆኖ ኤፍደብሊውአፕዲ በሚባለው የፈርምዌር ማዘመኛ ያለውን ዝማኔ መፈተሽ፣ ዊንዶውስ ያለው ደግሞ ከሌኖቮ ገጽ ማውረድ ነው። ሁለቱም ባትሪ ሞልተው፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይደረግ፤ ፈርምዌር ሲጻፍ መቋረጥ የለበትም። አሻራ ማንበቢያው ላይ ደግሞ ጊዜ አታጥፉ አለ፤ የቲ480ውን የሊኑክሱ መደበኛ አሻራ አንባቢ ፕሮግራም አይደግፈውም፣ ከውጭ በሚመጣ ፕሮግራም የሚያሠሩት ቢኖሩም ለቢሮ ፓስወርድ ይበቃል። ያገለገለ ለሚገዛም አንድ ቃል አለው፦ ብር ከመክፈልህ በፊት ኤፍ1 ተጭነህ ባዮስ ግባ። የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ከጠየቀህ ተወው፤ በቲንክፓድ ላይ ይህ ፓስወርድ የሚቀመጠው በራሱ ቺፕ ስለሆነ ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሿን የሲሞስ ባትሪ በማውጣት አይጠፋም።

መልስ 25 የከፋቹ ነው፤ አጭር ነው፣ የወሰነውን ብቻ ይዘረዝራል። ሦስት 500 ጊጋ ሳታ ኤስኤስዲ፣ ለሁለቱ ማሽኖች ሚንት፣ ለሂሳብ ሠራተኛዋ ዊንዶውስ 11፣ ለሦስቱም አንድ አንድ 8 ጊጋ ራም። 480ውን ትቶ 500 የመረጠው ገልባጩ እንዳይቸገር ነው። ከድሮዎቹ ዲስኮች በአንዱ ላይ 197ኛው መስመር 16 አሳይቶታል፤ ያንን በዲዲሬስኪው ከሁሉ ቀድሞ አንስቶታል። የወጡት ሦስቱ ዲስኮች አይፎረማቱም፤ የማን ማሽን እንደነበሩና የወጡበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ተለጥፎባቸው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፈዋል። ጤነኞቹ ሁለቱ ከሁለት ወር በኋላ የዩኤስቢ ኬዝ ገብተው የሳምንት ባክአፕ መያዣ ይሆናሉ፤ 16 ያሳየው ደግሞ ምንም አይጻፍበትም።